ዘር ከልጓም ይስባልን?

ባለፈው ሰሞን በስፖርቱ ሜዳ ዳር ቆመን ሳለ አንድ ወፍራም ጓደኛችን ከሯጮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ እያለከለከ ሲመጣ ተመለከትን። ከአጠገቤ ከቆሙት አንደኛው፥ «ሆዱን ያልገዛ እግሩን እንዴት ይገዛል!» ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው ደግሞ የሚያዝንለት መስሎ፥ «ተዉት እባካችሁ፤ ዘሩ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል» አለ። እኔም አብሬያቸው ፈገግ ማለቴን አልሸሽግም። ማታ ግን በአልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፥ ሁለቱም ፍርዶች ያለ ምስክር የተሰጡ ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያው ውፍረትን የጠባይ ጉድለት ያደርገዋል። ሁለተኛው የማይለወጥ ዕጣ ያደርገዋል።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ለዚህ ክርክር ምስክር አድርጌ የማቀርበው የላቦራቶሪን አይጥ ነው። አይጥ ለምን ተመረጠ ቢሉ፥ ሊቃውንቱ ወንድምና እኅት አይጦችን ለሃያ ትውልድና ከዚያም በላይ እያዳቀሉ፥ በውርሻቸው እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ልዩ ልዩ ወገኖችን አውጥተዋል። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊደረግ አይችልም፤ ሊደረግም አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜይን ግዛት በሚገኘው በጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ከመጠን በላይ የሚወፍር አይጥ ተገኘ። ይህ አይጥ ዕድሜ እኩያው ከሆነው ጤነኛ አይጥ ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ብዙ ይበላል፤ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። የሜዳው ጓደኛችን ቢያየው «ሆዳምና ሰነፍ» ይለው ነበር። ነገር ግን ምግቡ ተመጥኖ ከቀጭኑ አይጥ ጋራ እኩል ቢሰጠው እንኳ ከቀጭኑ የበለጠ ስብ ያከማቻል። ዳግላስ ኮልማን የተባለው ተመራማሪ የዚህን አይጥና የጤነኛውን አይጥ የደም ዝውውር ባገናኘ ጊዜ ወፍራሙ መብላቱን ቀነሰ፤ ክብደት መጨመሩም ቀነሰ። በጤነኛው ደም ውስጥ ለወፍራሙ የጐደለው አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። ጄፍሪ ፍሪድማን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋራ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የተበላሸውን ጂን አገኘ። ጂኑ የሚያሠራው ሆርሞን ሌፕቲን ተባለ። ሌፕቲን ከስብ ወጥቶ በደም በኩል ወደ አንጐል ይደርሳል፤ «ስንቅ አለ፥ ይበቃል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ያ ምስኪን አይጥ ስብ ተሸክሞ ሳለ አንጐሉ ግን በረኀብ ላይ ያለ ይመስለው ነበር። ሌፕቲን ሲወጋ መብላቱ ቀነሰ፤ መንቀሳቀሱም ጨመረ። ታዲያ ስንፍናው የት ሄደ?

ይህን የሰማ ሁለተኛው ጓደኛዬ፥ «እንግዲያው ሁሉም ዘር ነው አላልኩምን?» ይል ይሆናል። ለእርሱም የሚያግዘው ማስረጃ አለ፤ አልደብቀውም። ቴዎዶር ጋርላንድ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በመንኰራኵር ላይ አብዝተው የሚሮጡትን አይጦች በየትውልዱ እየመረጠ ቢያዳቅል፥ ልጆቻቸው ካልተመረጡት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መንገድ የሚሮጡ ሆኑ። ሰውነታቸውም አነስ ያለና ስቡ የቀለለ ሆነ። እርሱ የመረጠው ሩጫን ብቻ ነበር፤ ክብደቱ ግን አብሮ ተከተለ። ሩጫና ክብደት በውርሻ መተሳሰራቸው የማይካድ ነው።

ነገር ግን አንድ ሌላ ምስክር ይሰማ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ጆን ክራብና ሁለት ባልደረቦቹ ስምንት ዓይነት አይጦችን በሦስት ከተሞች፥ በፖርትላንድ፥ በአልባኒና በካናዳዋ ኤድመንተን፥ መረመሩ። የአይጦቹ ዕድሜ አንድ፥ መሣሪያው አንድ፥ የፈተናው ሰዓት አንድ እንዲሆን ብዙ ደከሙ። በውጤቱም አንዳንዱ የዘር ልዩነት በሦስቱም ቦታ ጸና። ሆኖም ከሞላ ጐደል በሁሉም መለኪያ፥ አይጦቹ በገላጣ ሳጥን ውስጥ በሚንቀሳቀሱት መጠን ጭምር፥ ላቦራቶሪው ራሱ ልዩነት አመጣ። ያን ያህል ተጠንቅቀው አንድ ያደረጉት ቤት አንድ ሊሆን ካልቻለ፥ ከልዩ ልዩ ማዕድ፥ ከልዩ ልዩ አየርና ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤት ስለ መጣነው ስለ እኛ ምን እንላለን?

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የአይጥን የእግር ብልኀት ለመለካት በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያቆሙትና ሳይወድቅ የቆየበትን ጊዜ ይቈጥራሉ። ከባድ አይጥ ግን እግሩና ሚዛኑ ደኅና ሆነው ሳሉ በክብደቱ ብቻ ቶሎ ሊወድቅ ይችላል። መርማሪው ክብደቱን ሳይመዝን ቢፈርድ፥ የእንቅስቃሴ ጂኑ ተበላሽቷል ብሎ ይሳሳታል። እኛም በሜዳው ዳር ሆነን የፈረድነው እንዲሁ ነው፤ መውደቁን አየን እንጂ ምክንያቱን አልመረመርንም።

በእኔ አስተያየት ትልቁ አደጋ ያለው «ዘር» በሚለው ቃላችን ላይ ነው። ገበሬው የሚዘራውም፥ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰውም፥ ወገንና ነገድም በዚህ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ስለ አንድ ጂን የተባለውን ወስደን ስለ አንድ አገር ሕዝብ ለመናገር አንድ እርምጃ እንኳ አያስፈልገንም። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ ስለ ወጡ «የዚያ አገር ልጅ ሲወለድም ሯጭ ነው» እንላለን። የከፍታውን አየርና የአሠልጣኙን የስንታየሁ እሸቱን ድካም ግን እንረሳለን። የወደደ በዘር ያመሰግናል፤ የጠላም በዚያው በዘር ይሰድባል። አይጦቹ ለሁለቱም ፈቃድ አልሰጡም።

ከአይጥ ወደ ሰው ስንሻገርም በልክ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሌፕቲን የጐደላቸው ሁለት ሕፃናት ተገኝተዋል፤ ይህን ችግር ይዘው የተወለዱም በሆርሞኑ መድኃኒትነት ክብደታቸው ቀንሷል። እንዲህ ያሉት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ወፍራሞች ሌፕቲን አላነሳቸውም፤ እንዲያውም በደማቸው ይበዛል። በእነርሱ ላይ የሚሠሩት ጂኖች ብዙዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ኑሮም የራሱን ይጨምራል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዘር ይስባል፤ አልክድም። ነገር ግን ፈረስ በዘሩ ብቻ አይጋልብም፤ ልጓሙም፥ መኖውም፥ መንገዱም አለ። የሳይንስ ተማሪዎች ነን የምንል ከሆነ፥ ሳንመዝን ከመሳቅም፥ ሳንመረምር «ዘሩ ነው» ብሎ ተስፋ ከማስቈረጥም እንከልከል። እኔ በበኩሌ ያን ጓደኛዬን በማግሥቱ ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን ማታ ማታ አብረን እንራመዳለን፤ ከሁለታችን ቀድሞ የሚደክመው ማን እንደ ሆነ ግን አልነግራችሁም።