ገንዘብ ላነሰው ባለጉዳይ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ዛሬ ግን ስለ ክርክር ልንናገር ወደድን። ክርክር ከቤተ ሰብ ኑሮ ውጭ የሆነ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ባል የሞተባትን ሴት ይጠይቅ። በመጀመሪያው ዓመት ከኀዘኗ ቀጥሎ የሚመጣባት የንብረት ነገር ነው፤ ድኻውንም ከቤቱ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የዳኛው ክፋት ሳይሆን ለጠበቃ የሚከፍለው ማጣቱና ማንን መጠየቅ እንደሚገባው አለማወቁ ነው።

በአምባሰል ተራራ ግርጌ ሁለት ሕፃናት የምታሳድግ አንዲት ባልቴት አለች እንበል። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድምየው «የአባታችን ነው» ብሎ ከብቱን ይነዳባታል፤ እርሻውንም ያርስባታል። ወደ ውጫሌ ሄዳ ጠበቃ ብትጠይቅ የሚነገራት ዋጋ ከቀረላት በሬ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ «ፈጣሪ ያየዋል» ብላ ትመለሳለች፤ አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምትም ያልፋል። ጉዳቱ በዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውርስ ክስ ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ የ3 ዓመት ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበትም ጊዜ 2 ዓመት ነው። ትዕግሥት በሌላው ነገር መልካም ቢሆንም በይርጋ ፊት ግን አይጠቅምም።

በቀድሞ ዘመን ባለጉዳዮች በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ አንደበቱ የቀና ሰው ድኻም ቢሆን ሊረታ ይችል ነበር። ዛሬ ክርክሩ በጽሑፍ ስለ ሆነ ብዙ ባለጉዳይ በፍርድ ቤት ደጃፍ ወደ ተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄዳል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ የሚያውቁ አሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ሳይጠየቅ የቀረውን ነገር በኋላ መጨመር አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ከማስጻፍ በፊት ሕግ የተማረ ሰው ማማከር ይገባል።

ይህንንም ምክር ያለ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። በደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለችግረኞች ነጻ የሕግ ርዳታ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም የሌላቸውን ሴቶች ያለ ክፍያ ይረዳል። የወረዳውንም የፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። በደሉ የመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታን በነጻ ይቀበላል። ስለ ጠበቆችም ብንናገር በዚያው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ለድኾች በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ እንዲያገለግል ግዴታ አድርጎ ነበር፤ ስለዚህ ጠበቃን ስለ ድህነት ብሎ መለመን ነውር አይደለም። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና በዚሁ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዝዛል፤ ይህንንም ዳኛውን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዳኝነት ገንዘብ የሚያስፈራው ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ467ኛው አንቀጽ ጀምሮ በድህነት ክስ ማቅረብን ይፈቅዳል። አመልካቹ ያለውን ንብረት በመሐላ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም መርምሮ ገንዘቡን ሳያስከፍል መዝገቡን ይከፍትለታል። ንብረቱን ሆን ብሎ ያሸሸ ሰው ግን ይህን አያገኝም። ደግሞም ልጅ ለእናቱ፣ ወንድም ለእኅቱ፣ ባል ለሚስቱ ውክልና ይዞ ያለ ዋጋ ሊሟገት ይችላል። ከተማ ገብታችሁ የተማራችሁና በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቻችን ለአገር ቤት ዘመዶቻችሁ ከምትልኩት ገንዘብ ይልቅ ይህ አንድ ቀን ቀርቦ መቆም የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

«ሽምግልና እያለ ወደ ፍርድ ቤት ለምን ይኬዳል» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ክርስቲያኑንም እስላሙንም አስታርቀው ደም እስከ ማድረቅ ይደርሳሉ፤ እኛም እናከብራቸዋለን። ስለ ቤተ ሰብ ጉዳይም ሁለቱ ወገኖች ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ይቻላል። የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሰላም ተብሎ የባልቴቲቱ ድርሻ ይቀነስና እርስዋም የሽማግሌ ፊት አፍራ ዝም ትላለች። እንግዲህ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ከመፈረሟም በፊት ድምፅ ተሰምቶ ይነበብላት፤ ክስ ተከፍቶ እንደ ሆነም ስምምነቱ በፍርድ ቤት መዝገብ ይግባ።

ሳያነቡ መፈረም የሚያመጣውን መከራ ለአምባሰል ሰው መንገር እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው በውጫሌ በተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመላክ በአማርኛው ፈቃድ ሲሆንላቸው በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ድረስ ሄደ። ንጉሠ ነገሥት የተታለለበት ወረቀት ካለ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሴት ምን ያህል ልትጠነቀቅ ይገባታል!

ባልቴቲቱ ወደ ደሴ ከመውረዷ በፊት የመሬት ይዞታ ደብተሯን ትያዝ፤ በአማራ ክልል ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም የያዘ ስለ ሆነ ከአማቷ ቃል ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን በነካ ጊዜ ጥላው ሸሽታ እንደ ሆነ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ታስፈልግ። የጋብቻዋን ማስረጃ፣ የልጆቿን ዕድሜ የሚገልጽ ወረቀት፣ የሦስት ምስክሮች ስምና ከብቱ የተነዳበትን ቀን ጨምራ ትያዝ። ከሐይቅ እስከ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአምባሰል ለሚመጣም ከዚያ ይበልጣል፤ ለተረሳ አንድ ወረቀት ሁለተኛ የሚከፈለው የመኪና ዋጋም ከልጆቿ ምሳ የሚወጣ ነው።