ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም

በማሠልጠኛችን ውስጥ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከመኝታ ክፍል ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት እየተዘዋወረ ነው። «ማትሪኩን እንደገና እንፈተን ወይስ እዚሁ እንቁረጥ?» የሚል ነው። የአንድና የሁለት ሰው ጥያቄ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ነው። ስለዚህ በሹክሹክታ ከሚያልቅ በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል እንላለን።

በቅድሚያ አቋማችንን እናስቀምጥ። ድጋሚ መፈተን ነውር የለበትም። እዚህ ቀርቶ መምህር መሆንም እንዲሁ። ጉዳት የሚያመጣው አንዱን ሳይመርጡ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ መክረም ነው። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

እንደሚታወቀው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጣል፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ሆኗል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ማለፊያውን ያገኙት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ከ2014ቱ ፈተና ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ታዲያ ከመቶ ሰው ዘጠና ምናምኑ ሲወድቅ «ሰነፎች ስለሆኑ ነው» ብሎ ወሬውን መዝጋት ይቻላል? አንድ ልጅ ይሰንፋል እንበል፤ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ እንዴት አንድ ላይ ይሰንፋል? ስለዚህ ማንም ሠልጣኝ በውጤቱ አንገቱን ሊደፋ አይገባም። ሁለተኛ ዕድል መሻቱም ተገቢ ነው። በግል ተፈታኝነት መመዝገብ የተፈቀደ መንገድ ነውና።

ነገር ግን ሻንጣ ከማሰራችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችን እናቅርብ።

አንደኛው «ስንት ጎደለኝ?» የሚለው ነው። ፈተናው በስድስት የትምህርት ዓይነት ከ600 ይታሰባል፤ ማለፊያው 300 ነው። 282 ያመጣ ሰው የጎደለው 18 ነጥብ ነው። ለስድስቱ ሲካፈል በየትምህርቱ ሦስት ነጥብ ማለት ነው። ይህ በአንድ ዓመት ብርቱ ጥናት የሚደረስበት ስለሆነ እንዲህ ያለው ጓደኛችን «ልሞክር» ቢል ከጎኑ እንቁም። 180 ያመጣው ግን 120 ይጎድለዋል፤ በየትምህርቱ ሃያ ሃያ ነጥብ መሆኑ ነው። አይቻልም አንልም፤ ሆኖም የሁለቱ ጉዳይ አንድ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ቢወጡ አንደኛው በሒሳብ፣ ሌላው በእልህ ነው የሚሄደው። እልህ ደግሞ እስከ ጥር ቢያደርስ ነው፤ ሐምሌ አይደርስም።

ሁለተኛው «ዘንድሮ ምን ይለወጣል?» የሚለው ነው። ያው ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ያው መብራት የሌለበት ቤት፣ ያው አስጠኚ የማይገኝበት ቀበሌ ከሆነ የሚጠብቀን፣ ውጤቱስ ከየት ይለወጣል? በተለይ እንግሊዝኛውን ልብ ማለት ይገባል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክሱን ወይም የጂኦግራፊውን ጥያቄ የሳትነው ትምህርቱን ስላላወቅነው ነው ወይስ ጥያቄው የሚለው ስላልገባን? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ፊዚክሱን አሥር ጊዜ ብንደግመው ዋጋ የለውም፤ መጀመር ያለብን ከቋንቋው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር የሚፈተኑ መሆኑም አይዘንጋ። ጣቱ የኮምፒዩተር ፊደል ነክቶ የማያውቅ ሰው ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ ያስገባ።

ሦስተኛው «ወጪው በማን ላይ ነው?» የሚለው ነው። አንድ ዓመት ቤት ተቀምጦ መማር በነፃ አይገኝም። ቀለቡን የሚችል አባት አለ፤ በእኛ ፈንታ ከብት ጠብቆ ከክፍል የሚቀር ታናሽ ወንድም አለ። ለእኅቶቻችን ደግሞ ጉዳዩ ይበረታል። ወንዱ «እያጠና ነው» ተብሎ በሩ ሲዘጋለት ሴቷ ውኃ ቅጂ፣ እንጀራ ጋግሪ፣ እንግዳ መጥቷል ቡና አፍዪ ትባላለች። ወሩ ረዘም ሲል «ለምን አታገባም?» የሚል ሽማግሌም አይጠፋም። ስለዚህ የምትሄደዋ እኅታችን ለጥናት የሚሆን ጊዜና ቦታ እንዲሰጣት ከቤተሰቧ ጋር አስቀድማ ተነጋግራ ትሂድ። ይህን የሚሰጥ ቤት ከሌለ ግን ዓመቱ የጥናት ሳይሆን የጓዳ ዓመት ይሆናል።

ሦስቱን ጥያቄዎች መልሶ «እሄዳለሁ» ያለ ይሂድ፤ መንገዱ ይቅናው። ግን ቀን ይቁረጥለት። አንድ ጊዜ ይሞክር፤ ካልሆነ ወደ ሌላ ሥራ ይዙር። በየዓመቱ እየተፈተኑ ሃያ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች በየሰፈራችን አሉ፤ ዕድሜ እንደ ፈተና አይደገምም።

የሚቀረውስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን ነገር ሳንሸፋፍን እናንሣው። «መምህርነት የወደቀ መጠጊያ ነው፤ ደመወዙም የቤት ኪራይ አይችልም» ይባላል። የደመወዙ ነገር እውነት ነው። ክብር ሆድ ይሞላል ብለን ለማንም አንሰብክም። የደመወዝ ጥያቄ ግን በደመወዝ ጥያቄነቱ መነሣትና መልስ ማግኘት ያለበት ነው፤ በማትሪክ ወረቀት አይፈታም። ዲግሪ ይዘው ሥራ ፈላጊ ሰሌዳ ሥር የቆሙትንም እናያቸዋለን። ደግሞም እዚህ የቀረ ሰው በሩ አልተዘጋበትም። ብዙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን እያስተማሩ በክረምት መርሐ ግብር ተምረው ዲግሪያቸውን ይዘዋል። ይዘገያል እንጂ መንገዱ አለ።

ከሁሉ የሚያሳስበን በሁለቱም ዛፍ ላይ እግሩን ያንጠለጠለው ነው። ለማስተማር ልምምድ ወጥቶ ልጆቹን «ከሰሌዳው ገልብጡ» ብሎ ራሱ ከኋላ ወንበር የማትሪክ ጥያቄ የሚሠራ ሠልጣኝ አይተናል። የትምህርት ዕቅዱ ከላይ፣ የኬሚስትሪው መጽሐፍ ከታች! ልጆቹ ምን እንደገለበጡ የሚያይላቸው አልነበረም። አንዷ ሕፃን «ለ»ን ገልብጣ ስትጽፍ ዋለች፤ እንዲሁ ገልብጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ነገስ ማን ያቃናላታል?

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ችሎታ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከቀጠለ አሥራ ሁለተኛ የሚደርሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የመጣውን 3.3 አሁን በሌላ ዓይን እንየው። የማትሪክ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ አይጀምርም፤ የሚጀምረው አንደኛ ክፍል፣ ፊደል ገበታው ሥር ነው። እዚያ የሚቆመው ሰው ደግሞ እኛ ነን። እኛ ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን ስንል የምንተዋቸው ልጆች የዛሬ አሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈተኑ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ለመሄድ የወሰነ ምዝገባው ሳይደርስ በግልጽ ይናገር፤ ለወላጁም፣ ለአሠልጣኙም። ልምምድ ላይ እስካለ ድረስ ግን ልጆቹ በፊቱ እስከተቀመጡ የልጆቹ ይሁን፤ የማትሪኩ መጽሐፍ ማታ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ከእኛ መካከል ሒሳብ የሚሆንለት አለ፤ እንግሊዝኛ የሚሆንላት አለች። ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት አብረን ብናጠና የሚሄደው ለፈተናው፣ የሚቀረው ለክፍሉ ይጠቀምበታል። ለማስተማር የሚዘጋጅ ሰው የጠነከረ እንግሊዝኛና ሒሳብ አያስፈልገውም ያለው ማነው? ሦስተኛ፣ በሚሄዱትና በሚቀሩት መካከል መናናቁ ይቅር። «ሸሸ» አንበል፤ «ተስፋ ቆረጠች» አንበል።

በዚህ የማይስማማ ሠልጣኝ ካለ ሰሌዳው የጋራችን ነው፤ ብዕሩን ያንሣና ይጻፍ። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ዛፋችንን እንምረጥ፤ የመረጥነውንም አጥብቀን እንያዝ።