ጎርፍ የገባበት ቤት ሲፈርስ ልጆቹ የት ናቸው?

ነሐሴ ሲጋመስ በእኛ ደጋ መሬቱ ውሃ ይጠግባል። ከጮቄ የሚወርደው ጨሞጋን ይሞላዋል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቦዩ በፌስታልና በደለል በተደፈነበት ሰፈር ጎርፉ ደጃፍ አልፎ ይገባል። ዛሬ የማወጋችሁ ጎርፉ ከሄደ በኋላ ስላሉት ቀናት ነው። ሰው ዕቃውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ያኔ ነውና።

ጎርፍ ምን ያህል እንደሚጨክን ከድሬዳዋ አይተናል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በሐረርጌ ከፍታዎች የዘነበው ዝናብ በደቻቱ በኩል ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ያለ መጠለያ ቀሩ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ብዙው ሰው እንዲህ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። በእኛ ሰፈር የሚገባው ውሃ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የጭቃ ግድግዳ ለማራስ ግን የአንድ ሌሊት ጎርፍ ይበቃል።

የጭቃ ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው። ምርጉ ከታች ይርሳል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚው ጫፍ ቀድሞም በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ ጣራው ግን እንደ ወትሮው ይከብዳል። ከላይ ሲያዩት ቤቱ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዙሪያውን ዙሩት። ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል? በሩ ከጎርፉ ወዲህ አልዘጋ ብሏል? የቋሚው ሥር በእንጨት ሲወጉት ይገባል? በስንጥቁ ጫፍ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉና በማግስቱ እዩት፤ ምልክቱን ካለፈ ቤቱ እየሄደ ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ማንም እዚያ ቤት አይደር። የብሎኬት ቤትም ቢሆን መሠረቱ ሥር አፈሩ ከተሸረሸረ ያው ነው።

እዚህ ላይ አያቶችን አንድ ነገር ልለምን። የተዳራችሁበትን፣ ልጆች የወለዳችሁበትን ቤት «በባላ ደግፈን ይህን ክረምት እናሳልፈው» ማለታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን እናንተ ካልወጣችሁ የልጅ ልጆቹም ከሥራችሁ አይጠፉም። በጊዜው ያፈረሱት ቤት ቆርቆሮውም ማገሩም ለሌላ ቤት ይሆናል፤ በራሱ የወደቀ ግን ከነሰው ነው።

ማፍረስም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ለቀበሌው ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ ይነገር፤ ባለሙያ መጥቶ ቢያየው መልካም ነው። መብራቱ ከቆጣሪው ብቻ ሳይሆን ከምሰሶው እንዲቋረጥ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ ይጠራ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ የጣራው እንጨት፣ ከዚያ የግድግዳው ጭቃ ከአናቱ እየተናደ፣ ቋሚው በመጨረሻ። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ከሥሩ በዶማ መቆፈር ግድግዳውን በራስ ላይ መጣል ነው። ደቦ ጠርታችሁም ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ፤ ሁሉም አዛዥ ከሆነ ከጣራ ላይ ያለውን የሚያይ የለም።

ልጆቹስ? የሚፈርስ ቤት ለልጅ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አያት በዚያ ቀን ሥራ አላት፤ ልጆቹን ጎረቤት ወስዳ መዋል። ቆርቆሮና ማገር ማቀበል የልጅ ሥራ አይደለም። ከእንጨቱ የሚነቀለው ሚስማር በሙሉ ጣሳ ውስጥ ይግባ፤ ጭቃ ውስጥ የቀረ ሚስማር ኅዳር ላይም የልጅ እግር ይወጋል።

በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ቁስል ብዙ አጥቤአለሁ። የመንጋጋ ቆልፍ ወይም የቴታነስ ተሕዋስ የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ የመከተብ ዕድሉ ጠባብ ነው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ሕፃናትም በመደበኛው ክትባት ያገኙታል። የሚቀሩት አባትና አያት ናቸው፤ ዶማውን የሚይዙትም እነሱው። የተወጋ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠብ፤ ቡናም አመድም አይነስንስበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድና ክትባቱን ይጠይቅ። «ትንሽ ናት» የሚባለው ጠባቡና ጥልቁ ቁስል ነው የሚያሰጋው።

ጎርፉ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነክቶ ከሆነ ያ ጭቃ እንደ ዓይነ ምድር ይቆጠር። ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ፤ ጭቃውን ጠርጋችሁ ወለሉን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የመጠጥ ውሃም ይፈላ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በመጨረሻ ፍርስራሹ የት ይደፋ? ቦዩ ቅርብ ስለሆነ ሌሊት እዚያ የሚደፋ አለ። የአንዱ ቤት ጭቃ ቦዩን ሲደፍነው የሚቀጥለው ዝናብ ከታች ያለውን ጎረቤት በር ያንኳኳል። ፍርስራሹ ከቦይና ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይከመር፤ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያሳያችሁ ቦታ ይወሰድ። ዕድራችሁ በዚህ ሳምንት ሲሰበሰብ አንስቶ ቢነጋገርበት፣ ዝናቡ ገና አልወጣምና፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።