ያልተለቀሰ ሐዘን

መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ለብዙዎቻችን የቆጋ ግድብ ከተማ ነበረች፤ ግድቡ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲለማ ታስቦ የተሠራ፣ የአካባቢውን የሜጫ ገበሬ በበጋ ስንዴ ያስዘራ ነው። ከጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመራዊ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሌላ ነገር ሆኗል። በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ በዚያች ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል።

የሟቾች ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ በሌላ በምንም አይተካም። እኔ እዚህ የማነሳው በሕይወት የቀሩትን ነው። በዚያ ወር እርጉዝ የነበረችው፣ አባቱ የሞተበት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጧሪ ልጃቸውን የቀበሩ አዛውንት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬም ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ። ማስታገሻ ይታዘዝላቸዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው በሽተኛ የሚያመው ሐዘኑ ነው፤ ሐዘንን የሚያስታምመው የኅብረተሰብ ሥርዓት ሲሰበር ደግሞ የተሰበረው የጤና አገልግሎት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ለቅሶ ቤት ምን እንደሚሠራ በደንብ እንየው። ሞት እንደተሰማ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ምድጃው ባይነድም እዝን ይመጣል፣ «እህል ቅመሽ እንጂ» እየተባለ በግድ ይጎረሳል። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ሥራውንና ደግነቱን እያነሳች ታስለቅሳለች፤ ሌላ ጊዜ ነውር የሚሆን ጩኸት እዚያ ይፈቀዳል። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፤ እያንዳንዱ ቀን ሰውን መልሶ ያመጣል፣ ሐዘንተኛውንም ቀስ እያለ ወደ ገበያው፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመልሰዋል። አንድ ባለሙያ ለከባድ ሐዘን የእንክብካቤ ዕቅድ ያውጣ ቢባል ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ እንቅልፍና ምግብ መጠበቅ፣ ብቻ አለመተው፣ የሆነውን መናገር፣ በቀጠሮ መጎብኘት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚቆመው ሰው መሰብሰብና መንገድ መሄድ ሲችል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስብሰባን የመከልከልና የሰዓት እላፊ የመጣል ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክና ኢንተርኔት ይቋረጣል። አዲስ አበባ ያለች እኅት የወንድሟን መርዶ ዘግይታ ትሰማለች፤ ብትሰማም መድረስ አትችልም። የክልሉ የትጥቅ ግጭት ያስከተላቸውን ጉዳቶች ስንቆጥር የተቃጠለ ጤና ኬላና የተዘረፈ መድኃኒት እንመዘግባለን። ያልተደረሰ ለቅሶ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይሰፍርም።

ሰውነት ግን ይመዘግበዋል። ሥጋት ሲረዝም እንደ ኮርቲሶል ያሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ከልካቸው ይዛባሉ፤ እንቅልፍ ይታወካል፣ ደም ግፊት ይወጣል፣ የበሽታ መከላከያ አቅም ይዳከማል። በእናት በኩል ደግሞ ወደ ልጅ ይሻገራል። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በቡታጅራ ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተሉ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች፣ በእርግዝናቸው በጭንቀትና በድብርት የተጠቁት ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመራቸውም የመዘግየት ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አገኙ። የእናቲቱ ጭንቀት ከወሊድ በኋላም ሲቀጥል ሕፃኑን ተቅማጥ ይበልጥ ያጠቃው ነበር። በአንጻሩ የልደት ክብደቱ በዚህ ምክንያት ዝቅ ብሎ አልተገኘም። ስለዚህ ጭንቀት ሁሉን ያጠፋል ማለት አይደለም፤ የሚጎዳበት ቦታ አለው። ውኃ ማፍላት፣ እጅ መታጠብ፣ የታመመ ልጅ አዝሎ ጤና ጣቢያ መሮጥ ጉልበት ይጠይቃል፤ የተሰበረች እናት የምታጣው ይህንን ጉልበት ይመስለኛል።

እዚያው ቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለዐሥር ዓመት ሲታዩ 121ዱ ሞተዋል፤ ሊኖሩት ከሚችሉት ዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ቀድመው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሊታከም የሚችል በሽታ። ያልታከመ አእምሮ ሥጋን ሳያሳክም ይቀራል።

ነውርም እንዲሁ ሰውን ከሕክምና ያርቃል። በጎጃም ቀይ አፈር በባዶ እግር ያረሰ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚለው ሕመም አንዱ ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ እንደነበር ተገምቷል። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ሕመሙን በእጅጉ ያቀልሉታል። ሽታውን ፈርቶ ከሠርግና ከሰንበቴ የቀረ ሰው ግን ሳሙናውን ፍለጋም ከቤቱ አይወጣም።

«ሕዝቡ ጠንካራ ነው፣ ችሎ ይኖራል» የሚሉ አሉ። ይህን ንግግር አልቀበለውም። ሰው የሚጸናው የሚያጸናው ሲኖር ነው። ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶች በ2002 ዓ.ም. ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ማኅበራዊ ትስስራቸው የጠነከረ ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ለቅሶ ቤት የማይደርስበትም ሐዘን አለ። የተደፈረች ሴት ለቅሶ አይቀመጥላትም፤ ጎረቤት ቢሰማ የሚመጣው ለማጽናናት ላይሆን ይችላል። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ከሐዘኑ በላይ ሐሜቱን ይሸከማል። እዚህ ላይ ዕድር ብቻውን አይበቃም፣ አንዳንዴም ራሱ ያቆስላል፤ ምስጢር የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ባለሙያ የለንም የሚለው ምክንያት ግን በዚምባብዌ ተፈትኖ መልስ አግኝቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በሐራሬ እድሜ ጠገብ ሴቶችን እያሠለጠነ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ችግረኛውን እንዲያነጋግሩ አደረገ። በ573 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ እነዚህ እናቶች ያነጋገሯቸው ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት ከሌሎቹ ይበልጥ መቀነሱን አሳየ።

የሜጫ እናቶች ይህን ሙያ ግማሹን ያውቁታል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዘንተኛ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት የምትዞር ናት። እርጉዟን ስትጎበኝ «እኅቴ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል? ማን አለሽ?» ብላ ትጠይቅ፤ መልሱን ከደም ግፊቱ ጎን ትጻፍ። ማንም የሌላትን ከዕድሩ ሴቶች ታገናኛት፤ ራሷን ለመጉዳት የምታስበውን ወይም የተደፈረችውን ግን ለዕድር ሳትነግር ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትላክ። ይህ እንዲሆን በጤና ጣቢያው የሠለጠነ ነርስና የማይቋረጥ መድኃኒት መኖር አለበት፤ አምቡላንሱም ሳይተኮስበት ማለፍ አለበት። የክልሉ ጤና ቢሮ ሥልጠናውን አሁን ሊጀምረው ይችላል። መንገዱን መክፈትና ሰው በሞተበት ቤት በነፃነት እንዲለቀስ መፍቀድ ግን የታጠቁት ሁሉ ግዴታ ነው።