መስቀሉ ለጎብኚው እንዲናገር



በዓለ መስቀል በመጣ ቁጥር መጾር መስቀሎች ከየዕቃ ቤቱ ወጥተው፣ ባለ ቀለም ጨርቅ ተጎናጽፈው፣ በካህናት እጅ ከፍ ብለውና በዝማሬ ታጅበው ወደ ደመራው ያመራሉ። በዚያች ሰዓት ሕፃኑም ሆነ ሽማግሌው የመስቀሉን ክብር እንዲያውቅ ማብራሪያ አያሻውም፤ በዓይኑ ያያል፣ በጆሮው ይሰማል፣ በከንፈሩ ይሳለማል። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረውም ሕዝቡ በኅብረት የሚኖረው ሕያው ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያው መስቀል አቻ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ሲል እናያለን። ከእግሩ ሥር «መስቀል፣ ከናስ የተሠራ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ትቀመጣለች። ከጎኑ ሌሎች ሃያ መስቀሎች ይደረደራሉ። ጎብኚው የመጀመሪያውን ቆሞ ይመለከታል፣ ሁለተኛውን ገረፍ አድርጎ ያልፋል፣ የቀሩትን ሳያያቸው ወደ በሩ ያመራል። እኛ እንደምናምነው ቤተ መዘክር ሊመዘን የሚገባው ጎብኚው በልቡ ይዞት በሚወጣው ነገር ነው። የዕቃው ብዛት የባለቤቱን ሀብት ይናገር ይሆናል እንጂ የጎብኚውን ትርፍ አይናገርም።

ጎብኚው ቢሰለች ጥፋቱን በጎብኚው ላይ የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1916 የቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ባልደረባ ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን፣ አንድ ሰው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላሉ ዕቃዎች የቀረቡለትን ጥያቄዎች ለመመለስ ሲሞክር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አሳተመ። ሰውየው ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ለማየት ይጎነበሳል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ለማየት ይንጠራራል። ድካሙን ያመጣው የዕቃው አቀማመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ አርተር ሜልተን የተባለ ተመራማሪ፣ ጎብኚዎችን ሳያውቁበት ተከታትሎ፣ አብዛኞቹ ወደ አዳራሽ ሲገቡ ወደ ቀኝ እንደሚታጠፉና መውጫው በር ከታየ ደግሞ በሩ ራሱ እንደሚስባቸው ጻፈ። እንግዲህ ከሁሉ የከበረውን ዕቃ በግራ ማዕዘን አኑሮ «ሕዝቡ ለቅርስ ፍቅር የለውም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

መስቀሉ እንዲናገር ምን ማድረግ ይገባል? በመጀመሪያ መስቀሉ በበዓል ቀን በሚታይበት አኳኋን ይታይ። መጾር መስቀል በዘንግ ላይ ቆሞ ከሰው ራስ በላይ የሚያዝ ነው፤ በሣጥን ውስጥ ካስተኙት ግን መልኩን ያጣል። ከእጀታው ግራና ቀኝ የወጡት ክንዶች ጨርቅ የሚታሰርባቸው መሆናቸውን ከተማ ያደገ ልጅ ከየት ያውቃል? ጨርቁ ታስሮ ቢቀርብለት ግን ያለ አንዳች ቃል ይረዳል። በብዙ መስቀሎች ላይ የተቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ማን ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሰጠው ይናገራል። ይህም ወደ አማርኛ ተመልሶ ከአጠገቡ ቢጻፍ፣ ጎብኚው የብረት ቁራጭ ማየቱን ትቶ ነፍሱን ስለማዳን ያሰበ አንድ ሰው ስጦታን ያያል።

ሁለተኛ፣ የአሠራሩ ጥበብ ይገለጥ። አንጥረኛው አስቀድሞ መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በሸክላ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ማዕድን በስፍራው ይገባል። የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚሉት ስያሜ ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት የተገኘ ነው። የሰሙ ቅርጽ፣ የሸክላው ሽፋንና የተጠናቀቀው መስቀል በተራ ቢደረደሩ፣ ሦስት ነገሮች ብቻ ሃያ መስቀሎች ያላስተማሩትን ያስተምራሉ። ልጁም የቅኔን ምሥጢር በዓይኑ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ለጉብኝቱ መንገድ ይበጅለት። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባደራጀው ቤተ መዘክር የሕዝቦችን ቅርሶች ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ማሳየቱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማንም ሰው ተወልዶ ያድጋልና የማያውቀውን ባህል በሚያውቀው ሕይወት ውስጥ ያገኘዋል። አባቶቻችንም ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የተሠራችው ሰውን ደረጃ በደረጃ ለመምራት ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ የተሣሉት ሥዕላትም ፊደል ላልቆጠረው ምእመን መጽሐፍ ሆነው ኖረዋል።

«ንዋያተ ቅድሳት የጸሎት እንጂ የትርኢት ዕቃዎች አይደሉም» የሚሉ አባቶች ሥጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የማይታይ ነገር አለ፤ ታቦት ለዕይታ አይቀርብም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታትን የያዘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር እንኳ ለሕዝብ አያሳያቸውም። ክብራቸውን እስከዚህ ካወቀ ወደ ባለቤታቸው መመለሱ ደግሞ የሚቀጥለው እርምጃ ሊሆን በተገባ ነበር። ይታይ ተብሎ የቀረበው ግን ትርጉሙ ሳይነገር ሲቀር ነው ወደ ትርኢትነት የሚወርደው። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ጎብኚ በጨለማው ያጉረመርማል። «ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛል» የሚል አንድ መስመር ቢያነብ ግን እርሱም ከጠባቂዎቹ እንደ አንዱ ይሆናል።

ይህ ሁሉ መሳካቱ በምን ይታወቃል? በመዝገብ የሰፈረው የጎብኚ ቁጥርና የተሸጠው ትኬት ስንት ሰው እንደገባ እንጂ ምን ይዞ እንደወጣ አይነግሩንም። ምርመራው በሦስት ጊዜ ይደረግ። ከዝግጅቱ በፊት ሕዝቡ ስለ ጉዳዩ ምን እንደሚያውቅና ምን ማወቅ እንደሚሻ ይጠየቅ። በዝግጅቱ ጊዜ መግለጫው በእጅ ተጽፎ ለጥቂት ሰዎች ይነበብ፤ አንድ ተማሪና አንዲት እናት ካልተረዱት ከመታተሙ በፊት ይታረም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጎብኚው የት እንደቆመና የት እንዳለፈ በትዕግሥት ይታይ፤ ሲወጣም «ለቤተሰብዎ ምን ይነግራሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እርሳስና ደብተር ይዘው ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ጉዳዩ የአዳራሽ ማስዋብ ብቻ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም በተሰረቀ ጊዜ ሕዝቡ አለቀሰለት፤ በ1993 ዓ.ም. ከቤልጂየም ሲመለስ በእልልታ ተቀበለው። በስሙ ያውቀው ነበርና ጠፋ ብሎ ፈለገው። ስሙም ታሪኩም ያልተነገረለት፣ በቁጥር ብቻ የተመዘገበ መስቀል ቢሰረቅ ግን ማን ያለቅስለታል? ሕዝብ የማያውቀውን ቅርስ ቁልፍና ዘበኛ ብቻቸውን አይጠብቁትም።

ስለዚህ የቤተ መዘክር ኃላፊዎችና የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት በሚመጣው ዓመት ቢያንስ አንድ መስቀል መርጠው፣ ታሪኩን ጽፈው፣ በክብሩ አቁመው ለሕዝብ ያሳዩ እንላለን። ወላጆችም በዚህ በዓል ሰሞን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ መዘክር ጎብኙ፤ ያልገባችሁንም ሳትፈሩ ጠይቁ። የጎብኚ ጥያቄ አሳዪውን ያተጋዋልና።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንልን።