ሟቹን ቆጠርን፤ በሕይወት ያለውን ማን ይቁጠረው?

ወገኔ፣ ስለ መተከል ስትከራከር ስንት ጊዜ አፍህን ይዘህ ቀረህ? «ፓዌ ላይ ሕዝባችን ተገፍቷል» ትላለህ። ወዲያኛው «ማስረጃ አምጣ» ይልሃል። ፎቶ ትለጥፋለህ። «ፎቶው የሌላ አገር ነው» ይልሃል፤ አንዳንዴ ደግሞ እውነቱን ነው! ከዚያ በኋላ ማን ያምንሃል? ትሰዳደባላችሁ፣ ብሎክ ትደራረጋላችሁ፣ የፓዌው ገበሬ ግን እዚያው እንደነበረ ነው።

እውነት አጥተህ አይደለም የተሸነፍከው። ቁጥር ስለሌለህ ነው።

ታህሳስ 14 ቀን 2013 ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ ያለቀውን ሰው ቆጥረናል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ብሏል። ቻግኒ ራንች መጠለያ የወደቀውንም ቆጥረናል። መቁጠር የምናውቀው ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል ብቻ ነው እንዴ? በሕይወት ያለው የት ቀበሌ፣ ከማን አጠገብ፣ በምን ሥራ ላይ እንዳለ የሚነግርህ ሰነድ አለህ? ጉባ ላይ የተሠራው ግድብ 5,150 ሜጋዋት እንደሚያመነጭ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከግድቡ ጋር በአንድ ዞን ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን አልተቆጠረም።

እስቲ ፓዌ እንዴት እንደተሠራች እናስታውስ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ ሰው አሰፈረ። ከዚህ ውስጥ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋው የወረደው በለስ ሸለቆ ላይ ነው። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ ተጭኖ መጣ። ገንዘቡና ትራክተሩ በጣና በለስ ፕሮጀክት በኩል ከጣልያን መጣ። ለመንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬም የፓዌን ልጅ «ሰፈርህ የት ነው?» ብትለው «መንደር 7» ይልሃል። ሰፋሪው ደግሞ በአብዛኛው በመጣበት አገር እየተለየ ነው የሰፈረው፤ ወሎዬው ከወሎዬው፣ ከምባታው ከከምባታው። ማን ከማን ጎን እንደሚኖር የወሰነው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሌላም እውነት አለ፣ አንሸሽገውም። ያ መሬት ባዶ አልነበረም። ጉሙዙ ከሚያርስበትና ከሚያድንበት ተገፍቶ ወደ ዳር ወጥቷል። ይህን ሳይናገር ስለ ፓዌ የሚከራከር የእኛ ሰው ግማሽ እውነት ነው የያዘው። በግማሽ እውነት ደግሞ ማንም አሸንፎ አያውቅም።

ከዚያ 1983 መጣ። መንግሥት በመኪና ጭኖ ያመጣው ገበሬ በአንድ ጀምበር «መጤ» ተባለ። በ1995 የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ብሎ አሰፈረ። ሌላው ሕዝብ ነዋሪ ነው፤ በቃ። በ1999ኙ ቆጠራ ግን ከክልሉ ሕዝብ አምስት ሰው ብትወስድ አንዱ አማራ ነበር፤ ኦሮሞውም፣ አገውም አለ። በ1992 ምርጫ ጊዜማ «የነባሮቹን ቋንቋ አታውቁም» ተብለው ዕጩዎች ተከልክለው ነበር። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ ሰውን በዚህ መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ በ1995 ተወሰነ። ልብ በል! በዚያው ዓመት አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ።

መተከል የማን ናት የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሳም፤ ለረጅም ዘመን የጎጃም አውራጃ እንደነበረች ታውቃለህ። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ «ባለቤት» እና «ነዋሪ» የሚል ክፍፍል መሬት ላይ ምን ሠራ? ማንን ከማን ለየ? ማንን ከየትኛው ሥራ አራቀ?

ይሄ ይለካል። አዎ፣ ይለካል! ኦቲስ ደንከንና ቤቨርሊ ደንከን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጽሑፍ ከታወቀ ወዲህ ዓለም የሚጠቀምበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ የመለያየት ኢንዴክስ እንበለው። እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

እንዲህ ነው። ለምሳሌ ብቻ፣ አራት ቀበሌ ያለው ወረዳ አለ እንበል። «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ይኖሩበታል። ከ«ሀ» ሰዎች 60 በመቶው 1ኛ ቀበሌ፣ 25ቱ 2ኛ፣ 10ሩ 3ኛ፣ 5ቱ 4ኛ ቀበሌ ይኖራሉ። ከ«ለ» ደግሞ 5 በመቶው 1ኛ፣ 15ቱ 2ኛ፣ 30ው 3ኛ፣ 50ው 4ኛ ቀበሌ። በየቀበሌው ትልቁን ከትንሹ ቀንስ፤ 55፣ 10፣ 20፣ 45 ይመጣል። ደምረው፤ 130። ለሁለት አካፍለው፤ 65። ይህ ማለት ሁለቱ በየቀበሌው እኩል እንዲዳረሱ ከአንደኛው ወገን 65 በመቶው ቤቱን መቀየር ነበረበት ማለት ነው። 0 ከሆነ ፍጹም ተቀላቅለዋል፣ 100 ከሆነ ፍጹም ተለያይተዋል። ከ60 በላይ ሲሆን የዘርፉ ሰዎች ከፍተኛ ይሉታል።

ቀበሌውን አውጥተህ ሥራ አስገባበት። ግብርና፣ ንግድ፣ የመንግሥት ሥራ። የ«ሀ» 70፣ 25፣ 5 ቢሆን፣ የ«ለ» 55፣ 5፣ 40 ቢሆን፣ ልዩነቱ 15፣ 20፣ 35 ነው። ግማሹ 35። አሁን ንግዱ በማን እጅ እንዳለ፣ ወንበሩ በማን እጅ እንዳለ በአንድ መስመር አየህ። ይህን ይዘህ ስትሄድ «ፎቶው የት ነው የተነሳው?» የሚልህ የለም።

ግን ተጠንቀቅ፣ ቁጥርም ይዋሻል። ፓዌን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ሲሏት ሰምተህ ይሆናል። በወረዳ ደረጃ ብቻ ካየኸው ሁሉም አለ፤ ተቀላቅሎ የሚኖር ይመስላል። ወደ መንደር ስትወርድ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሹሙ በዞን ደረጃ የተሠራ ቁጥር ይዞ ቢመጣ አትቀበለው፤ «በመንደር አሳየኝ» በለው። ሁለተኛ፣ ኢንዴክሱ ስንት እንደተለያየን እንጂ ለምን እንደተለያየን አይነግርህም። ደርግ ነው? ሕጉ ነው? ፍርሃት ነው? ወይስ ሰው ከዘመዱ ጋር መኖር ወዶ? ለዚያ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ አለብህ። ስለዚህ ከ2011 በፊትና ዛሬ ያለው ይነጻጸር። ከቻግኒ የተመለሰው ተፈናቃይ የገባው ድሮ ቤቱ ነው ወይስ ወገኑ ወደ በዛበት መንደር? ከግድያው በኋላ ቁጥሩ ከጨመረ፣ ገዳዩ የፈለገውን አግኝቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ቁጥር እንጂ ስም አንፈልግም! ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 መታወቂያ ላይ የተጻፈ ብሔር በየኬላው የሞት ፍርድ ሆኗል። እኛም አገር ማንነት እየተጠየቀ ከመኪና የወረደ ሰው ታሪክ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ «የእገሌ ቤት እዚህ ነው»፣ «ይሄ ሱቅ የእነ እገሌ ነው» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም። ያ የገዳይ ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለ ካየህ ሪፖርት አድርገው፣ የእኛን ስም ይዞ ቢመጣም።

«ይሄ በሌላ አገር ሠርቷል ወይ?» ካልክ ሰሜን አየርላንድን እይ። ካቶሊኩ በሥራና በቤት ተገፍቻለሁ ብሎ ለዓመታት ጮኸ፤ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሥራ ቅጥር ሕግ ቀጣሪዎች ከሠራተኞቻቸው ስንቱ ካቶሊክ፣ ስንቱ ፕሮቴስታንት እንደሆነ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ጩኸቱ ሰንጠረዥ ሆነ። ሰንጠረዡ ላይ የታየውን ክፍተት ደግሞ ቀጣሪው መድፈን ግዴታው ሆነ።

እኛ ጋ? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠር ይላል። የመጨረሻው የተቆጠረው 1999 ነው። በ2011 እንደገና ተራዘመ፤ እስከዛሬ ተራዝሟል። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ለመንግሥት ግን ገና አልተወለደም። ያልተቆጠረ ሕዝብ ሲያልቅም አይታወቅም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥያቄያችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቆጠራው ይካሄድ፤ የመተከል ውጤትም በቀበሌ ደረጃ፣ ያለ ስም ይውጣ።

ሁለተኛ፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ከተላላኪ እስከ ኃላፊ በየደረጃው ስንት ሰው ከየትኛው ሕዝብ እንደቀጠሩ በየዓመቱ ያሳውቁ።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ ለሁሉም ይሁን። የጉሙዙ ወጣት በንግዱና በከተማው ውስጥ ከሌለ ቁጥሩ እሱንም ያሳይ። እኛን የሚጠቅመውን ብቻ ቁጠሩ ካልን ከከሰስናቸው በምን ተለየን?

አራተኛ፣ አንቀጽ 2 ይሻሻል። 40 ዓመት ያረሰ፣ ልጅ የወለደ፣ ወላጁን የቀበረ ሰው በገዛ ቀዬው ተከራይ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ያለህ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህን ርዕስ እየፈለግህ ነው አይደል? ይኸውልህ። ሶሺዮሎጂም ብትሆን፣ ስታትስቲክስም ብትሆን፣ ጂኦግራፊም ብትሆን ፓዌ ትጠብቅሃለች። ሌላህ ደግሞ ነገ ክርክር ውስጥ ከመግባትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ቁጥሩ አለኝ ወይ? ከሌለህ ፎቶ አትለጥፍ። ቁጥሩ እንዲመጣ ጠይቅ፤ ደጋግመህ ጠይቅ፤ እስኪሰለቻቸው ጠይቅ።

አንብበህ ለጓደኛህ አጋራ።