ቲፎዞ ያልሆነ ተማሪ በመዝረዓ

«የማን ደጋፊ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በመዝረዓ ለሚኖር ተማሪ ከስሙ ቀጥሎ የሚቀርብለት ነው። የቤይሩት ማዘጋጃ ቤት ስታዲዮም እዚሁ ጣሪቅ ጀዲዳ ነው፤ በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው አንሳርም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። አንሳር እስከ 1999 ድረስ በተከታታይ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ስለ ነበረ ባለሱቁ ሁሉ ያን ዘመን እንደ ትናንት ያወራዋል።

በበኩሌ ኳስ አይጥመኝም። ይህን ለመናገር ግን ጨዋነት ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዳንዱ ማልያ ገዝቶ ቲፎዞ ይመስላል፤ ለመሆኑ ምን እንደ ለበሰ ያውቃልን? በሊባኖስ ብዙዎቹ ቡድኖች ስማቸው ከሰፈርና ከሃይማኖት ወገን ጋር የተሳሰረ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራፊቅ ሐሪሪ በ2005 ከተገደሉ በኋላ፣ የወገን ጠብ ይነሣል ተብሎ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለዓመታት ያለ ተመልካች ይካሄድ ነበር። እንግዲህ ባለማልያው ወደ ሌላ ሰፈር ሲሻገር ሳያውቀው ወገን ለይቷል።

ከዚህ የከፋው ግን ንቀት ነው፤ በተለይ በእኛ በሕክምና ተማሪዎች ላይ ይታያል። ኤፕሪል 6 ቀን 1975 ፔሌ የነጅማን ማልያ ለብሶ በቤይሩት ስፖርት ከተማ ስታዲዮም ተጫወተ። በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 13 ቀን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ፤ እስከ 1990ም ቆየ። ስታዲዮሙ በ1982 በእስራኤል ቦምብ ፈርሶ በ1997 እንደ ገና ተከፈተ። ስለዚህ የፔሌን ጨዋታ የሚያወሩ አዛውንት የሚያስታውሱት ከተማቸው ደኅና የነበረችበትን የመጨረሻ ሳምንት ነው። እሳቸው ሲያወሩ ሰዓት ማየት ነውር ነው። «ዐሞ፣ ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ?» ማለት ይበቃል፤ የኳስ ዕውቀት አይጠይቅም።

ደጋፊነቱን አጥብቀው ለጠየቁን ደግሞ «እንግዳ ነኝ፣ ኳስም አልከታተልም፤ ለሰፈሩ ግን ደስ ይበለው» እንበል። ካልበቃቸው በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዳችንን እንንገራቸው። (4 ለ 2 የተሸነፈችው ግብፅ ስለሆነች፣ ሻይ የሚቀዳው ግብፃዊ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።) ፈተና ያለበትም ግጥሚያው ሳይጀመር ይሰናበት፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያይ መነሣት ስድብ ይመስላል።

በሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን በቀልድም ቢሆን ቡድን አይመረጥም። ታሞ የተኛ ሰው ሐኪሙ የማን ወገን ይሆን ብሎ ማሰብ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእሑድ ስብሰባችንን ለእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ሲባል እናራዝም የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጨዋታውን ይዩ፤ ነገር ግን በሰው ቤት ከሚሠሩት እኅቶቻችን መካከል መውጣት የሚፈቀድላቸው የሚመጡት በዚያው ቀን ነውና፣ ስብሰባው ጧት በ4 ሰዓት ይጀመር።